አንደበት ብቻውን ተዋናይ አያደርግም

ስለ ሲኒማ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ድምፅ አልባው ፊልም የጥበቡ የሕፃንነት ዘመን ነበር፤ ተዋናዩም ፊቱን ከማጨማደድና እጁን ከማወራጨት በቀር ሙያ አልነበረውም፤ ትወና አፉን የፈታው ድምፅ ሲመጣ ነው የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ከእውነት ጋር ሲመዘን ግን ገለባ ነው።

ለዚህም የፈረንሳዊው ተዋናይ የሻርል ቫኔል ሥራ በቂ ምስክር ነው። ቫኔል በ1892 (እ.ኤ.አ.) ተወለደ፤ ከ1912 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ በፊልም ሠራ። በ1929 «በሌሊት» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ራሱ አዘጋጅቶ በዋና ተዋናይነት ተጫወተ። ባለታሪኩ በድንጋይ ካባ ሥራ ላይ ሳለ ፍንዳታ ፊቱን ያበላሸበትና ጭምብል ለማጥለቅ የተገደደ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ልብ ይሏል! ቃል የለም፤ ፊትም የለም። የቀረው ትከሻ፣ አንገትና እርምጃ ነው። የዚያ ዘመን ትወና ፊት ማጨማደድ ብቻ ከነበረ፣ ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለውን ስቃይ ለተመልካች ያደረሰው ምን ነበር?

ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት በ1930 ግን ሲኒማ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ባለ ድምፅ ፊልም አዙረው ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፓራማውንት ኩባንያ በፓሪስ አጠገብ በዧንቪል አንዱን ድርሰት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እየደጋገመ ያስቀርጽ ጀመር። ዝምታን ከገበያ ያስወጣው የጥበቡ መድከም ሳይሆን የአዲስ ሸቀጥ ጥድፊያ ነው። ቫኔልም ከዚያ ወዲያ ሌላ ረጅም ፊልም አላዘጋጀም።

ተዋናዩ ግን አልወደቀም። በ1934 የቪክቶር ሁጎ «ምንዱባን» በሬሞን ቤርናር አዘጋጅነት ሲቀረጽ ዣቬርን ሆኖ ተጫወተ። በ1953 በክሉዞ «የፍርሃት ደመወዝ» ውስጥ ጆ የተባለውን ሰው ሆነ፤ በደረቱ እየተንጎራደደ የገባው ጉልቤ፣ ፈንጂ የጫነው መኪና ላይ ሲወጣ ወኔው እንደ ሰም ይቀልጣል። ፍርሃቱን ከንግግሩ አስቀድሞ የሚናገረው ገላው ነው። በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ፊልሙ ከፍተኛውን ሽልማት ሲያገኝ የቫኔል ትወናም ልዩ እውቅና ተሰጠው።

ይህ ሲባል ድምፅ ለሲኒማ አልበጀም ማለት አይደለም። ድምፅ የበጀው ግን ገላው አስቀድሞ መናገር ለሚችል ተዋናይ ነው። ስለዚህ ተዋናይን በአንደበቱ ብቻ የሚመለምልና የሚያሠለጥን ሁሉ ግማሹን ሰው ከደጅ ያስቀራል።