አያታችሁን በምን ካሜራ ትቀርጻላችሁ?

ሠርግ ወይም ክርስትና በደረሰ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የሙሽሮቹን ጭፈራ መቅረጽ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ አያታቸው በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። የዛሬው ጽሑፌ በተለይ ለእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን «ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ» የተባለ ካሜራ አወጣ። ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ከሚባሉት፣ ማለትም ውስጣቸው መስታወት ካለና ሌንሳቸው ከሚቀየር የፎቶ ካሜራዎች አንዱ ነው። ዋጋው ያለ ሌንስ 2,699 ዶላር ነበር። ፎቶ ካሜራ ሆኖ ሳለ የሲኒማ የሚመስል ቪዲዮ ስለሚቀርጽ ብዙ ሰው ወደደው። «ሀውስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ እንኳ በ2010 የምዕራፉን የመጨረሻ ክፍል የቀረጸው በዚህ ካሜራ ነው።

ምስጢሩ ሴንሰሩ ነው። ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ ሆኖ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጥ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ የቪዲዮ ካሜራዎች የነበራቸው ሴንሰር የምስር ፍሬ የሚያህል፣ 4.8 በ3.6 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። የ«ማርክ ቱ» ግን 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ በስፋት 50 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሴንሰሩ ትልቅ ሲሆን ከሰውየው ጀርባ ያለው ነገር በቀላሉ ብዥ ይላል። «ብዥ ማለት» ጥርት ብሎ አለመታየት ነው። አያቶቻችሁ «ዓይኔን ብዥ አለኝ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ለዓይን ችግር ነው፤ ለፊልም ግን ውበት ነው፤ የሚናገረው ሰው ፊት ብቻ ጎልቶ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ካሜራ በመጀመሪያ የተሠራው ለፎቶ ነው። ያለማቋረጥ የሚቀርጸው 12 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ይቆማል። በ2012 የመጣው ተተኪው «ማርክ ስሪ» ደግሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ይቆማል። ለምን 30 አልሞላም? የአውሮፓ ጉምሩክ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽን ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥሮ ቀረጥ ያስከፍል ስለነበር ነው።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በአንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። ሽማግሌው ቆመው ይመርቃሉ፤ ሰዉ «አሜን» ይላል። «ውለዱ፣ ክበዱ» እንዳሉ ምስሉ ይቋረጣል፤ ቀጥሎ የሚታየው ኬክ ሲቆረስ ነው። ኬክ ሌላ ጊዜም ይቆረሳል። የዚያ ቀን ምርቃት ግን ተመልሶ አይመጣም።

የካሜራ ኩባንያዎቹም ችግሩን አዩት። ፓናሶኒክ በ2010 መጨረሻ ላይ «ኤ ኤፍ 100»ን በ4,995 ዶላር አወጣ። በ2011 ሶኒ «ኤፍ ኤስ 100»ን፣ ካኖን ደግሞ «ሲ 300»ን አስተዋወቁ፤ በ2012 ካኖን ዋጋው ዝቅ ያለውን «ሲ 100»ን አስከተለ። እነዚህ ባለ ትልቅ ሴንሰር ካምኮርደሮች ይባላሉ። የ«ሲ 300»ም ሆነ የ«ሲ 100» ሴንሰር ወርዱ 24.6 ሚሊሜትር ነው፤ በ35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም ላይ ያለውን አንድ ምስል ያህላል። ስለዚህ ሌንሱም ይቀየራል፣ ጀርባውም ብዥ ይላል። ከዚያ በላይ ግን ካርዱና ባትሪው እስከፈቀዱ ድረስ ያለማቋረጥ ይቀርጻሉ።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የኦክላንድ ወደብ ነው። ባለፈው ሐምሌ የጓደኛዬን አባት ሚድል ሃርበር ሾርላይን ፓርክ ውስጥ ቀረጽኳቸው። ከፓርኩ ሆናችሁ ስታዩ ትልልቆቹ ክሬኖች ኮንቴይነር ከመርከብ ሲያወርዱ ይታያሉ። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አሰብ ላይ ሠርተዋል። አሰብ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን የኢትዮጵያ ትልቅ ወደብ ነበር። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትጠይቃቸዋለች። እኔ ደግሞ «ማርክ ቱ»ንና «ሲ 100»ን ጎን ለጎን አቆምኩ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ፀሐይ ነው። «ሲ 100» እንደ ፀሐይ መነጽር ብርሃን የሚቀንስ፣ ኤን ዲ ፊልተር የሚባል መስታወት በውስጡ አለው፤ አንድ ቁልፍ ማዞር ይበቃል። ለፎቶ ካሜራው ግን ፊልተሩን ለብቻው ሌንሱ ላይ መግጠም ነበረብኝ። ቀጥሎ የኮንቴይነሮቹ ጎን ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች በፎቶ ካሜራው እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጡ ታዩ። 21 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሴንሰር ለቪዲዮ የሚያስፈልገው 2 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ ካሜራው መስመር እየዘለለ ያነብባል። በነጠላ ጥለት ላይም እንዲሁ ያደርጋል። ካሜራውን በፍጥነት ወደ ጎን ሳዞር ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙት ክሬኖች የሚወድቁ ይመስል ዘመም አሉ።

ከሁሉ የባሰው ነፋሱ ነበር። «ማርክ ቱ» የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ የሚቀረጸውን ድምፅ እየሰሙ መከታተል አይቻልም። በ«ሲ 100» ግን ነፋሱ ማይኩን ሲመታ ወዲያው ሰማሁና ፀጉራሙን መሸፈኛ አለበስኩት።

ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። በ12ኛው ደቂቃ ፎቶ ካሜራው ቆመ። ተነስቼ እንደገና ስጫን «አለቀ እንዴ?» አሉ። በ24ኛውም እንዲሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፦ ካሜራ ሲቆም የሚቋረጠው ምስሉ ብቻ አይደለም። የሚናገረው ሰው «ይበቃዎታል» የተባለ ይመስለዋል። ፎቶ ካሜራውን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ካሜራ መኖሩን ረሱት።

ልጅቷ «አባባ፣ ወዛደር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጭነት በጉልበቱ የሚያወርድ ሰው ነዋ፣ የኔ ልጅ። እኔ ነበርኩ» አሉ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው መርከቡን አዩ። ቀጥለው ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ነግረው የማያውቁትን፣ አሰብ ላይ ትተውት ስለመጡት ጓደኛቸው ማውራት ጀመሩ። ያን ጊዜ 40 ደቂቃ አልፎ ነበር።

ታዲያ ፎቶ ካሜራ አይረባም ማለቴ አይደለም። ቀላል ነው፣ ፎቶም ያነሳል፣ ለአጫጭር ትዕይንት ይበቃል። ካምኮርደር ይከብዳል፤ «ሲ 300» ሲወጣ ወደ 16,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ግን እነዚያ አሮጌ ካምኮርደሮች ያገለገሉ ሆነው በጣም ረክሰው ይገኛሉ። ከአዳዲሶቹ ፎቶ ካሜራዎችም ብዙዎቹ የ30 ደቂቃውን ገደብ ትተዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሳያቋርጥ ስንት ደቂቃ ይቀርጻል? የማይክ መሰኪያ አለው? የጆሮ ማዳመጫስ?

ገንዘብ ከሌላችሁ ስልካችሁም ይሠራል። ጥሪ እንዳይገባ ዝጉት፣ ትንሽ ማይክ ሰክታችሁ ልብሳቸው ላይ አያይዙ፣ ቻርጀሩንም አትርሱ። አያታችሁ ዝም ሲሉ ደግሞ ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ዝምታው ውስጥ ገና የሚመጣ ነገር አለ። የማታውቁትን ቃል ሲናገሩ ግን እንደዚያች ልጅ «ምን ማለት ነው?» በሉ። መልሱ ከካሜራው ጋር አብሮ ይቀረጻል፤ እናንተም አንድ ቃል ትማራላችሁ።

ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።