ክዳኑ ርካሽ፣ ዓሣው ውድ

በጨው ውኃ ገንዳ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ለመብራትና ለፓምፕ ገንዘብ አይሰስትም። ክዳን ላይ ሲደርስ ግን ሻጩ ያቀረበለትን መስታወት ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ የሂሳብ ስህተት ነው።

መስታወት ትነት ይቀንሳል፤ ዓሣውም ዘሎ አይወጣም። ጥቅሙ ይኸው ነው። በአንፃሩ ሙቀት ያፍናል፤ አየር እንደልብ ስለማይለዋወጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ የውኃው ፒኤች ሊወርድ ይችላል። ጨው ሲጋገርበት ደግሞ ኮራሉ የሚኖርበትን ብርሃን ይቀማል። ውድ መብራት ገዝቶ በቆሸሸ መስታወት መጋረድን ምን ይሉታል?

የእኔ ምርጫ በፍሬም የተወጠረ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን አሳላፊ መረብ ነው። ፋየርፊሽና ጎቢን የመሳሰሉ ዓሦች ሲደነግጡ ይዘላሉ፤ ለኤሌክትሪክ ገመድ የተተወች ክፍተት እንኳ ትበቃቸዋለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ቤት እንዲህ ያለ ገንዳ የሚጠብቁ ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ዓሣው ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ሲገኝ የሚጠየቀው ክዳኑን የመረጠው ሰው ላይሆን ይችላል።

መረቡም ቢሆን ወጪ አለው። ውኃው ቶሎ ይተናል፤ የአየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ደረቅ ቤት ደግሞ ይብሳል። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም። በሊትር 35 ግራም ጨው ካለው 100 ሊትር ውስጥ 5 ሊትሩ ቢተን፣ ጨዋማነቱ ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል፤ የሚጨመረውም የተጣራና ጨው የሌለው ውኃ ነው።