ጤፍ አይደለም፣ ቴፍል ነው

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ወረቀት እናውራ። ስሙ ቴፍል ይባላል። ጤፍ አላልኩም፣ ቴፍል! ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች እንግሊዝኛ ማስተማር እንደምትችል የሚመሰክር ሰርተፍኬት ነው። ማስታወቂያው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንደ አሸን ፈልቷል። 120 ሰዓት ስልክህ ላይ ተማር፣ ክፈል፣ ከዚያ እስያን እያስተማርክ ዙራት ነው ነገሩ። በእንግሊዝኛ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት ይህን ሲያይ ልቡ ቢሸፍት ማን ይፈርድበታል?

በተለይ በመተማ ልጅ አልፈርድም። ለሱ ለዘመናት "ውጭ" ማለት ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያኑ በመተማ በኩል ወደኛ መጉረፍ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ አማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። እንዲህ ለተያዘ ወጣት በደላላ በረሃ ከማቋረጥ ይልቅ በሙያና በቪዛ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ትልቅ ነገር ለሚፈልግ ልጅ ባዶ ወረቀት ይሸጥለታል።

የመጀመሪያው ነገር፣ ቴፍል የማንም ተቋም አይደለም። ስሙ ባለቤት የለውም። ማንም ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ጥቂት የምርጫ ጥያቄ ደርድሮ፣ ማኅተም አትሞ ሊሸጥልህ ይችላል። "120 ሰዓት" የሚለውም ሻጩ የጻፈው ቁጥር ነው እንጂ ያንን ሰዓት ስታስተምር ማንም አላየህም።

የገንዳ ውሃ የሰሊጥ ነጋዴ ጆንያ ሳያስፈታ፣ እፍኝ ዘግኖ ሳያይ ብር ይቆጥራል? ምርት ገበያ እንኳን ናሙና ወስዶ፣ መርምሮ ነው ለሰሊጥ ደረጃ የሚሰጠው። አስተማሪም እንደዚያው ነው። ካምብሪጅ የሚሰጠው ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት፣ የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ደግሞ ቢያንስ 130 ሰዓት ሥልጠና አለው። በሁለቱም ውስጥ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆመህ 6 ሰዓት ታስተምራለህ። አሠልጣኙ ቁጭ ብሎ እያየ ይገመግምሃል፣ ካልቻልክም ትወድቃለህ። ወረቀቱን ወረቀት የሚያደርገው መውደቅ መቻሉ ነው። የማይወድቁበት ፈተና ደረሰኝ ነው!

ሁለተኛውን ነገር ግን ጥሩዎቹም ጮክ ብለው አይነግሩህም። ፓስፖርትህን የሚቀይር ሰርተፍኬት የለም። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የምትሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ የሰባት አገር ዜጎች ነው፤ የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። ሴልታህን በወርቅ አስለብጠህ ብትሄድም ዜግነትህ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በዚህ ቪዛ አትገባም። በሌላ በኩል ታይላንድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብዙ ፊሊፒናውያን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አገሩን ምረጥ፣ ቀጥሎ የቪዛ ሕጉን አንብብ፣ ሰርተፍኬቱን መጨረሻ ላይ አምጣው። ሻጩ ግን ከየት አገር እንደሆንክ እንኳ ሳይጠይቅ ብርህን ይቀበላል።

"እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባ አያስተምርም" የሚለው ነገር ደግሞ እኛን ሊያሳምነን አይገባም። አባቶቻችንን በጃንሆይ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሯቸው እነማን ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ብቻ ናቸው? ከኬራላ የመጡት ህንዶችስ? እነሱም እንግሊዝኛን እንደኛው ትምህርት ቤት ገብተው ነው የተማሩት፤ ተማሪ የት ጋ እንደሚሰናከል የሚያውቁትም ለዚያ ነው።

"ሴልታ እኮ ውድ ነው" ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ዋጋው ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ጀማሪ መምህር የዓመት ደመወዙን ሳይነካ ቢያስቀምጥም አይሞላለትም። በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል፤ ግን ዳታ ለወራት ተዘግቶበት የነበረ ክልል ውስጥ ሆነህ ይህንንም አስብበት። መልሱ ታዲያ ርካሹን መግዛት ነው? አይደለም! ቦታው ሳይታወቅ ምንም አለመግዛት ነው። እስከዚያ ዲግሪህ አለ፣ እንደ አይልትስ ያለ የቋንቋ ፈተና አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስተማር አለ።

ተማሪ ከየት ይምጣ? በአማራ ክልል ብዙ ልጆች በአማርኛ ተምረው ከፍ ሲሉ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ ግን ጥያቄውን ሳይረዱ መልስ የለም። ማስታወቂያው ላይ የምታየው "የውጭ ተማሪም" ድንበሩን አልፎ መጥቷል። ለሱዳናውያኑ በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ ካምፕ ተከፍቶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ግን ብዙዎች ጥቃትና ዝርፊያ ፈርተው ከካምፕ ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ጥይት ወዳለበት ሂድ እያልኩህ አይደለም። አዲስ አበባም ሱዳናውያን አሉ። በአረብኛ የተማረ ልጅ "ፓርክ"ን ለምን "ባርክ" እንደሚለው፣ እንዴትም እንደሚስተካከል ካወቅክ ለዓረብ አገር ቀጣሪ የምታወራው ነገር አለህ። ይሄን ደግሞ የትኛውም የ120 ሰዓት ቪዲዮ አይሰጥህም።

ወዳጄ (አንቺም እህቴ)፣ ብር ከመላክህ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው። ሳስተምር የሚያየኝ ማነው? ልወድቅ እችላለሁ? በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚቀበለኝ የትኛው አገር ነው? ሦስቱን በቀጥታ ካልመለሰልህ ብርህ ኪስህ ይቀመጥ። እሱ የተማሪ ሳይሆን የከፋይ ፈላጊ ነው።