ሥራን ስለ መፈጸምና ሥራን ስለ ማኖር

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ የነጋዴው ደስታ ከማንም ያነሰ አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ የመሠረቱ ድንጋይ ከተቀመጠ ጀምሮ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለ ሱቁም እንደ አቅሙ ቦንድ ገዝቷልና ሥራውን እንደ ራሱ ንብረት ያየዋል። በዚህ ደስታ መካከል ስለ ጥገና መናገር በሠርግ ቤት ዕዳ እንደ መቍጠር ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የነጋዴ ጸሐፊ የዕለት ተግባሩ ሒሳብ ነውና፣ በዋና ከተማችን ከተፈጸመ ሌላ ታላቅ ሥራ የተገኘውን ትምህርት ለአንባብያን ማሳሰብ ተገቢ መስሎ ታየን።

ይኸውም የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ሥራው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ የሰሜን ደቡቡ መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምሥራቅ ምዕራቡም ጥቂት ቈይቶ ተከተለ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከመቶው 85 እጅ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አልፎ እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ከፍ ያለ ድልድይ ላይ አብረው ይሄዳሉ። ድልድዩ በሚሠራበት ዘመን የሥራው መፋጠን የሚለካው በቆመው ምሰሶ ነበር። መንገዱ ተቈፍሮ ደንበኛ የራቃቸው ባለ ሱቆችም የነገውን ጥቅም እያሰቡ ታገሡ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ሲባል ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል።

ሥራውም ተፈጸመ፤ ምሰሶውም ቆመ። ሆኖም መስመሩ አገልግሎት ሲጀምር ከነበሩት 41 ባቡሮች መካከል በ2015 ዓ.ም. ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ ዕቃና በውጭ አገር ገንዘብ እጦት ከሥራ ውጭ ነበሩ። ድልድዩ በቦታው ሳለ በላዩ የሚሄደው ጐደለ። መኪና ሲገዛ የጎማውንና የዘይቱን ገንዘብ ያላሰበ ነጋዴ ግቢውን ያስጌጣል እንጂ ዕቃ አያጓጉዝም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በታሪፉ ማነስ ያመካኛሉ። በእርግጥ በመጀመሪያ የተወሰነው የ2፣ የ4 እና የ6 ብር ክፍያ የመለዋወጫን ዋጋ ሊሸፍን አይችልም። ቢሆንም ርካሽ ጉዞ ሠራተኛውን በሰዓቱ ወደ ሥራው፣ ገዢውንም ወደ መርካቶ ያደርሳልና ጥቅሙ ለነጋዴው ጭምር ነው። ጥፋቱ ክፍያው ማነሱ ሳይሆን፣ የጐደለው ሒሳብ በየዓመቱ ከየት እንደሚሞላ አስቀድሞ አለመወሰኑ ይመስለናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለታላላቅ ሥራዎች ውል ሲፈረም የመለዋወጫውና የባለሙያ ማሠልጠኛው ወጪ ራሱን ችሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በገበያ የሚገኘውን ዕቃ ያገር ውስጥ አስመጪዎች በጨረታ እንዲያቀርቡ ይጋበዙ። ሦስተኛ፣ እዚሁ ሊሠራ የሚችለው እዚሁ ይሠራ። ድልድዩ በተግባረ እድ ትምህርት ቤት አጠገብ ያልፋል፤ ፌርማታውም በስሙ ይጠራል። የብረት ሥራ የሚማሩት ልጆቻችን ባቡሩን በመስኮት እያዩ ሊቀሩ አይገባም።

ይህ ምክር ለጉባው ግድብም ይበልጥ ያስፈልጋል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀዱ 13 ተርባይኖች አሉት፤ እነዚህም እንደ ማናቸውም መኪና ያረጃሉ። ደግነቱ አገራችን ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ በመሸጥ የውጭ አገር ገንዘብ ታገኛለች። ከዚህ ገቢ የተወሰነ እጅ ለተርባይኖቹና በኤሌክትሪክ ለሚሄዱት የከተማችን ባቡሮች መጠገኛ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ውሃው ራሱ የመኪናውን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው።

የንግድ ምክር ቤታችን ይህን አሳብ መርምሮ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያቀርብልን በትሕትና እንለምናለን። ቦንድ የገዛ ነጋዴ የምረቃውን ዕለት ብቻ ሳይሆን ሃያኛውን ዓመት አሻግሮ ማየት ይገባዋል።