የጀበናዋ ሠሪ ስም ማን ነው?

በተማሪዎችና በመምህራን ዘንድ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ሸክላና መስታወት ሥነ ጥበብ ናቸው ወይስ የእጅ ሥራ?» የሚለው ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን ሥዕልና ሐውልት የአእምሮ ፍሬ ናቸው፤ ድስትና ብርሌ ግን የገበያ ዕቃ ናቸው ብለው ይፈርዳሉ። እኛ ግን ይህ ክርክር ጊዜው ያለፈበት ነው እንላለን። ዛሬ በዓለም ታላላቅ አዳራሾች ሸክላና መስታወት ከሥዕል ጎን ቆመዋል። መልስ ያላገኘው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጭቃው ጥበብ ተብሎ ሲከበር፣ ጭቃውን ያቦካው እጅ አብሮ ይከበራል ወይ? (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ከአህጉራችን እንጀምር። ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊ ሸክላ መሥራትን ከአክስቷ የተማረች የገጠር ሴት ነበረች። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች የውሃ እንስራ ታቆም ነበር። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው በ1950 ሥራዋን ያየው በአቡጃው ኤሚር ቤት ነው። በ1954 እርሱ ወዳቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች፤ በ1958 ሥራዋ ለንደን ላይ ታየ። ዛሬ ምስሏ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሟል። አንድ አገር ሸክላ ሠሪዋን በገንዘቧ ላይ አተመች ማለት ነው!

በ1950 ኬንያ ውስጥ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ ደግሞ እንግሊዝ አገር ስትማር ሳለች ወደ አቡጃ ሄዳ ከላዲ ክዋሊና ከባልደረቦቿ ተማረች። ኦዱንዶ ያለ ሽክርክሪት፣ በእጇ ብቻ እየገነባች፣ ገላውን እየወለወለች ትሠራለች። የመስታወት ቅብ አትቀባም። ሸክላው አየር እያገኘ ሲቃጠል ይቀላል፤ አየር ተነፍጎት እንደገና ሲቃጠል ይጠቁራል። በዚህ ሥራዋ በ2020 ከብሪታንያ መንግሥት የ«ዴም» ማዕረግ ተሰጣት።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ያለ ሽክርክሪት በእጅ መገንባት፣ በድንጋይ መወልወል፣ ቀይና ጥቁሩን በእሳትና በጭስ መለየት ለእኛ አገር ሴቶች እንግዳ ነገር ነውን? ምጣድ የምትሠራው እናት የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ታውቃለች። እሳት እንዳይሰነጥቀው ገል ፈጭታ ወይም አሸዋ ትጨምርበታለች። ይህ ዕውቀት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ኦዱንዶ ይህን የመሰለውን ዕውቀት ከአፍሪካ እናቶች ተምራ ከበሬታ ስታገኝ እናጨበጭባለን፤ ያንኑ የምታውቀውን የአገራችንን ሴት ግን «ቡዳ» ብለን ዓይናችንን እንሰውራለን።

ከአፍሪካ ውጭስ ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? በ2010 ቻይናዊው አይ ዌይዌይ ለንደን በሚገኘው በቴት ሞደርን አዳራሽ ወለል ላይ መቶ ሚሊዮን ያህል የሱፍ ፍሬ አፈሰሰ። ፍሬዎቹ ከነጭ የቻይና ሸክላ ተሠርተው በእጅ የተቀቡ ነበሩ። ሠሪዎቹ በሸክላ ሥራ በታወቀችው በጂንግደጄን ከተማ የሚኖሩ 1,600 ያህል ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሥራው ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ። አይ ዌይዌይ መንግሥቱን በድፍረት የሚነቅፍ፣ በ2011 ለ81 ቀናት የታሰረ ሰው ነው፤ ለሠሪዎቹም ደመወዝ ከፍሏል። ነገር ግን ሥራው ሲጠራ ዓለም የሚያነሣው አንድ ስም ብቻ ነው። ሌላም አለ። ተመልካች በፍሬዎቹ ላይ እንዲራመድ ከተፈቀደ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የሚነሣው አቧራ ለጤና ያሰጋል ተብሎ ተከለከለ። ለተመልካች የታሰበለት አቧራ፣ ዕድሜውን በሸክላ ሥራ ለሚጨርሰው ሰው ሳንባ ማን ያስብለታል?

«የብዙ ሰው ስም መዘርዘር አይቻልም» የሚሉ አሉ። በሲኒማ መጨረሻ ላይ የመብራት ሠራተኛው ስም ሳይቀር በተርታ ይጻፍ የለምን? ከተፈለገ ይቻላል። «ሐሳቡ የአርቲስቱ ነው፤ እጅ ታዛዥ ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህን ወደ መስታወት ምድጃ እንወስዳቸዋለን። ቬኒስ በ1291 የመስታወት ምድጃዎቿን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረች፤ ባለሙያ ምሥጢሩን ይዞ እንዳይወጣም ከለከለች። ታዛዥ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያን ያህል ይጠብቀው ነበር? አሜሪካዊው ዴል ቺሁሊ በ1968 ሙራኖ ሄዶ ባለሙያዎቹ በቡድን ሲሠሩ ተመለከተ፤ ኋላም በ1971 ከሌሎች ጋር ፒልቸክ የተባለውን የመስታወት ትምህርት ቤት አቋቋመ። በልጅነቱ ወደ ምድጃው የገባው የሙራኖው ሊኖ ታሊያፒየትራ በ1979 ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄዶ አስተማረ። የቀለጠ መስታወት መቼ እንደሚነፋ፣ መቼ እንደሚዞር፣ እንዳይፈነዳም እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ ያሳየው እርሱ ነው። የምድጃ ሠራተኛው መምህር ተባለ፤ ከዚያም በገዛ ስሙ የታወቀ አርቲስት ሆነ።

ስም ማለት ምን እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የተረዳው ግን ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ዴቭ የተባለው ሸክላ ሠሪ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ባሪያ ነበር። ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በ1834 በሕግ በተከለከለበት በዚያ አገር፣ እርሱ በእርጥብ ጭቃ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ግጥሙን ይጽፍ ነበር። ዛሬ ማሰሮዎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። ያን ስም ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ «ያልታወቀ ባሪያ ሥራ» ተብሎ በቀረ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2017 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ መኩሪያችን ነው። ስለ አፍሪካ ነፃነት የሚናገረው፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በዚያ ይገኛል። የአፈወርቅ ክብር የተገባ ነው። ነገር ግን መስታወቱን የቆረጡትን፣ ያጋጠሙትንና ያቆሙትን እጆች ከእኛ መካከል የሚጠራ ስንት ነው? ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል እንሰማለን፤ ጠጠሩን ግን ዞር ብለን አናይም።

በሸክላው የባሰ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸው የሸክላ ምስሎች በየአገሩ ጎብኚ ቤት ተቀምጠዋል፤ የሠሪዎቹ ስም ግን አብሮ አልሄደም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በየሰፈሩ ይሰማል። እኛም የተማርነው ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በክፍል ውስጥ ስለ እኩልነት ስንናገር የምንውለው ተማሪዎች፣ የሸክላ ሠሪን ልጅ ለማግባት ዘመድ ሲቃወም ከእርሷ ጎን የምንቆመው ስንቶቻችን ነን? ፈተናው በዚያ እንጂ በክርክር መድረክ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በኅብረታችን ስም በሚዘጋጅ ትርኢት ሁሉ፣ ጀበናም ሆነ ምጣድ፣ የሠሪዋ ስምና መንደሯ ይጻፍ፤ «የባህል ዕቃ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሸክላ ሠሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመታየት ሳይሆን ለማስተማር ይጠሩ፤ ክፍያቸውም የመምህር ክፍያ ይሁን። ሦስተኛ፣ ጽሑፍ ለመሥራት ወደ መንደራቸው የሚሄድ ተማሪም ሆነ መምህር፣ ዕውቀቱን የሰጡትን ሰዎች ፈቅደው እንደሆነ በስማቸው ይጥቀስ።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ያስፈልገናል። ወገኖች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ቡና ሲቀዳላችሁ ጀበናዋን ማን እንደ ሠራት ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ካጣችሁ፣ ገበያ ወርዳችሁ ራሷን ጠይቋት።