ነጯን የጠበቀ ኪሱን ጠበቀ

ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪጀምር ወደ ፑል ቤት ጎራ የማይል የእግር ኳስ አፍቃሪ ካለ እጁን ያውጣ! እዚያ ታዲያ ሁሌ የምናየው ትርኢት አለ። ወጣቱ ስቲኩን ሦስት አራት ጊዜ ያመላልስና ባለ በሌለ ኃይሉ ነጯን ይጠልዛታል። ነጯ ተስፈንጥራ ከጠረጴዛው ትወርድና የሰው ወንበር ሥር ትገባለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሕጉ “የተሸነፈ ይከፍላል” ነውና ሒሳቡ ወደ ማን እያመራ እንደሆነ ከመጀመሪያው ምት ያስታውቃል።

እኛ ብሬክን ከፍፁም ቅጣት ምት ለይተን አናየውም። ኳሷ ቆማለች፣ የሚነካችሁ ተከላካይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ፓኔንካ ሴፕ ማየርን ያሸነፈው ቀስ ብሎ ከፍ ባደረጋት ኳስ ነው። በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ደግሞ ታላቁ ባጂዮ መትቶ ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ጉልበት ብቻውን ዋንጫ አያመጣም!

ምስጢሩ ቀላል ነው። ነጯ የፊተኛዋን ኳስ መሃሏን ካገኘቻት ኃይሏን ሁሉ ለአሥራ አምስቱ ትሰጥና ራሷ ጠረጴዛው መሃል አካባቢ ትቀራለች። ጎኗን ከነካቻት ግን የተረፋትን ኃይል ይዛ ትዞራለች፤ ብዙውን ጊዜም መጨረሻዋ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ስቲኩን አታንቁት፣ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። በተቻለ መጠን አግድም ይሁን፤ ከኋላ ከፍ ካለ ነጯ ትዘላለች። የነጯን መሃል ወይም ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ምቱ። ዓይናችሁ በመጨረሻዋ ቅጽበት የፊተኛዋ ኳስ ላይ ይሁን። ጉልበቱን የምትጨምሩት አሥር ጊዜ መትታችሁ ነጯ ደጋግማ መሃል ስትቆምላችሁ ነው። በብሬኩ የሚፈራው አሜሪካዊው ሼን ቫን ቦኒንግ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የባለ ዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን ሲሆን ዝናው የኃይል ብቻ ሳይሆን አንድ ዓይነት ምት ደጋግሞ የመምታት ነው።

ለፑል ቤት ባለቤቶችም መልእክት አለን። ኳሶቹ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሳይነካኩ ከተደረደሩ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይሆናሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሕግ ጭቅጭቅ ነው። ስምንት ቁጥሯ በብሬክ ስትገባ አንዱ ቤት “አሸነፍክ”፣ ሌላው ቤት “ተሸነፍክ” ይላል። በዚህ ሰበብ ጓደኛሞች አንገት ለአንገት ሲተናነቁ አይተናል! በዓለም አቀፉ ሕግ ግን ሌላ ጥፋት ከሌለ ማሸነፍም መሸነፍም የለም፤ መቺው ጥቁሯን ወደ ቦታዋ መልሶ ይቀጥላል፣ ካልፈለገም እንደገና ደርድሮ ይመታል። ምንም ኳስ ካልገባ ደግሞ ቢያንስ አራት ኳሶች የጠረጴዛውን ጠርዝ መንካት አለባቸው። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ፑልን “የሥራ ፈት ጨዋታ” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አፋቸውን የምናስይዘው በጩኸት ሳይሆን ሕጉን አውቀን፣ ተለማምደንና ተከባብረን ስንጫወት ነው። እስከዚያው ግን ወገን፣ ከጠረጴዛው ማዶ ለቆመው ሰው ጭንቅላት ስትሉ ጉልበቱን ቀነስ አድርጉት!