ጎማን በውፍረቱ አትግዙ

በዚህ ሙያ የሸበታችሁ እኩዮቼ፣ ሰሞኑን የምሰማው ምክር አስግቶኛል። ወጣቱ ለሴስና 172 ምን ጎማ ልግዛ ብሎ ሲጠይቅ፣ «ወፍራሙን፣ ፕላዩ ከፍ ያለውን ውሰድ፤ ይከርምልሃል» የሚሉ ሽማግሌዎች በመካከላችን አሉ። ተዉ!

የፕላይ ቁጥር የመሸከም አቅም ነው እንጂ የዕድሜ ዋስትና አይደለም። ለዋናው እግር 6.00-6፣ ለአፍንጫው 5.00-5 ተብሎ ከተጻፈ፣ መጠኑንም ፕላዩንም የሚወስነው የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ነው።

እኛ ዘንድ ጎማ የሚጨርሰው ደጋው ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በሞቃት ቀትር፣ ነፋስ በሌለበት፣ መለኪያው 60 ኖት እያሳየ ጎማው መሬት የሚነካው በ70 ኖት ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። አብራሪው መውጫው እንዳያልፈው ብሎ ፍሬን ረግጦ ጎማውን ከቆለፈው፣ ላስቲኩ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ክሩ ብቅ ይላል። ጉድይርም ሆነ ሚሽሊን ከዚህ አያድንም።

ንፋስ የጎደለው ጎማ ደግሞ ትከሻው ያልቃል፣ ይግላል፣ ከሁሉ የከፋው በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ከጎማው ወደ ቸርኬው የተሰመረችውን ቀይ ምልክት እዩ። መስመሯ ለሁለት ከተለያየች፣ ቫልቩም በቀዳዳው ውስጥ ዘንበል ካለ፣ ከመነዳሪው ተጎትቷል፤ በሚቀጥለው ማረፊያ ቫልቩ ሊቆረጥ ይችላል። አንድ ጎማ ተንፍሶ የሚሮጥ አውሮፕላን ወዴት እንደሚስብ ለእናንተ አይነገርም።

አዲስ ጎማ ገዝቶ አሮጌ ከመነዳሪ መክተትስ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ያገለገለው ተለጥጧል፤ አዲሱ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ በታጠፈበት ይሳሳል። አብራችሁ ግዙ፤ ከተገኘ ንፋስ ቶሎ የማያጣውን የቡቲሉን። አዲስ ጎማ ሲነፋ ስለሚለጠጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ አሳድራችሁ እንደገና ሳትለኩ አታስበርሩ።

ወደ ሰፈር ጎሚስታ የሚልክም አለ አሉ። በፌሮ የተጫረ ቸርኬ ስንጥቅ ያበጃል። ደግሞም ቸርኬው በብሎን የተያያዙ ሁለት ግማሾች ነው፤ ንፋሱ ሳይወጣ ብሎኑን የፈታ ሰው ሊሞት ይችላል። ወጣቱ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ንፋሱ ጨርሶ መውጣቱን ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ።